«አረቄውን ያቆመው መቼ ነው?»

ጥያቄ፦ እናቴ፣ እንደምን ሰነበቱ? በሶሻል ዎርክ በመጀመሪያ ዲግሪ ተመርቄ መንዝ ውስጥ በአንድ ወረዳ ሥራ ከጀመርኩ ሰባት ወሬ ነው። ባለፈው ጊዜ አንዲት እናት ቢሮዬ መጥተው ስለ ልጃቸው አማከሩኝ። ልጁ አረቄ ያበዛል። ሊተወው ቆርጦ ጠበል ገባ፤ በሦስተኛው ቀን ይንቀጠቀጥና «ግድግዳው ላይ ጉንዳን ይርመሰመሳል» ይል ጀመር። ቤተሰቡ መንፈስ ነው አሉ። እኔ ደግሞ ከትምህርት ቤት የማስታውሰው መጣብኝና «ስኪዞፍሬኒያ የሚባለው ከባድ የአእምሮ ሕመም ነው» ብዬ ለእናትየው ተናገርኩ። ደግነቱ አጎቱ ጤና ጣቢያ አድርሶት ተርፏል። እኔ ግን ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ አጣሁ። ስለ አእምሮ ጤና ያለኝን እውቀት ለማሳደግ የትኛውን ሥልጠና ልውሰድ? ማስተርስ ልማር?
ደ.፣ ከመንዝ

መልስ፦ ልጄ፣ ማስተርሱ ይቆየንና ልጁ የመጨረሻዋን መለኪያ የጠጣው በየትኛው ቀን፣ በስንት ሰዓት ነበር? ጠበል የገባበትን ቀን ነግረኸኛል። ይህን ግን እናቱን የጠየቅሃቸው አይመስለኝም።

ለዓመታት በየቀኑ አብዝቶ የጠጣ ሰው በድንገት ሲያቆም ሰውነቱ ያምጻል። በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ያልበዋል፣ ልቡ ይደልቃል። በሁለት ቀን ውስጥ ልክ እንደሚጥል በሽታ ሊጥለው ይችላል። ከሁለተኛው እስከ አራተኛው ቀን ባለው ጊዜ ደግሞ አንዳንዱ ቀንና ሌሊት ይምታታበታል፤ የሌለ ነገር ያያል፣ ከሌለ ሰው ጋር ይከራከራል። ሐኪሞች ዴሊሪየም ትሬመንስ ይሉታል። ካልታከመ ሊገድል ይችላል፤ በጊዜ ከተደረሰበት ግን ዲያዜፓም በሚባል ማረጋጊያ መድኃኒትና በቫይታሚን ቢ1 እየታከመ አብዛኛውን ጊዜ በቀናት ውስጥ አእምሮው ይመለሳል። የአንተው ልጅ ይህ ነበረበት ብዬ በደብዳቤ ስም አላወጣለትም፤ ያ የሐኪም ሥራ ነው። ሦስተኛው ቀን የሚለውን ሳነብ ግን ደንግጫለሁ።

የምደነግጠው ስለደረሰብኝ ነው። ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት፣ ወደ ደብረ ሲና በኩል፣ ጎበዝ የሚባል ሸማኔ ነበር። ጠዋት ሳይቀምስ ከአልጋው አይወርድም። እኔም በወጣትነት ሙቀት «ዛሬውኑ ተወው!» ብዬ በልጆቹ ፊት አስማልኩት። ሚስቱ እልል አለች። በማግስቱ ማታ ጥሎት ምድጃው ላይ ወደቀ። ነፍሱ ተረፈች፤ የቀኝ እጁ ጣቶች ግን ተጣብቀው ቀሩና መወርወሪያ መያዝ አቃተው። ሚስቱ አንድም ቀን አልወቀሰችኝም። በገበያ ባገኘችኝ ቁጥር ትስመኝ ነበር፤ ለእኔ ከስድብ የባሰው እሱ ነበር።

ስለዚህ ደብተርህን ገጹን ለሦስት ክፈለው። በመጀመሪያው በዓይንህ ያየኸውን ጻፍ፤ በሁለተኛው ቤተሰቡ የነገረህን፣ ከነቀኑና ከነሰዓቱ፤ በሦስተኛው አንተ የጠረጠርከውን። ሦስተኛውን ለባለሙያ እንጂ ለቤተሰብ አታንብብ። ስኪዞፍሬኒያ ያልከው ከሦስተኛው ዓምድ አምልጦ እናትየው ጆሮ ውስጥ ገባ፤ እንዲህ ያለ ስም ደግሞ በመንደር ውስጥ ከሰውዬው ቀድሞ ይሄዳል። ሚስት ሊያገባ ሲል እንኳ ይጠብቀዋል።

ከጠበሉ ጋር አትጣላ። በእኛ አገር ጻድቃኔ ማርያም ወይም ሸንኮራ ዮሐንስ ሳይሄድ ሆስፒታል የሚሄድ ሕመምተኛ ስንቱ ነው? «ጠበሉን ተዉ» ያልከው ቤተሰብ ዳግመኛ በርህን አይረግጥም። ይልቅ የአእምሮ ሕመምተኛው ጠበል ላይ ሆኖም መድኃኒቱ እንዳይቋረጥበት ተሟገት። ብዙ ጊዜ መድኃኒት የሚቆመው በክህደት አይደለም፤ በጾም ነው። በሁዳዴ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ውሃ ሳይቀምስ የሚውል ሰው የጠዋቷን ክኒን ይዘላታል፤ ሳምንት ሲሞላ የሌለ ድምፅ መስማቱ ይመለስበታል፣ ከዚያ «መድኃኒቱ አልሠራም» ይባላል። ሐኪሙ መድኃኒቱ ወደ ማታ ሊዛወር ይችል እንደሆነ ይጠየቅ። የነፍስ አባቱም ይጠየቁ፤ የታመመ ሰው ጾሙን በእሳቸው ፈቃድ ሊያቀልል ይችላል። እኔ ይህን ያስተማረኝ አንድ ቄስ እንጂ አሠልጣኝ አይደለም።

ሥልጠናውን በተመለከተ፣ የዓለም ጤና ድርጅት ኤምኤች ጋፕ የሚባል መመሪያ አለ፤ እ.ኤ.አ. በ2010 ወጥቶ በ2016 ታድሷል። የተጻፈው ለአእምሮ ሐኪሞች ሳይሆን በጤና ጣቢያ ደረጃ ለሚሠሩ ባለሙያዎች ነው። መድኃኒት ልታዝበት ሳይሆን መቼ መሮጥ እንዳለብህ ልታውቅበት አንብበው፤ የመጠጡንና የሚጥል በሽታውን ክፍል አስቀድም። ማስተርሱን ከሦስት ዓመት በኋላ ብትማር አይከፋም፤ ያኔ መምህሩን የምትጠይቀው ነገር ይኖርሃል። አበል የሚታሰብበት የሁለት ቀን ሥልጠና ሲመጣም ሂድ፣ ሻዩም ጥሩ ነው።

እንቅልፍህን የሚመልስልህ ግን ሰርተፍኬት አይደለም። በአቅራቢያህ ሆስፒታል የአእምሮ ጤና ነርስ ፈልግ። በሳምንት አንድ ሰዓት፣ አርብ ከሰዓት በኋላ ቢሆን ይመረጣል፣ የባለጉዳዮቹን ስም ደብቀህ ያስጨነቀህን አንድ ጉዳይ አብራችሁ ተነጋገሩበት። እምቢ ካለህ ሌላ ፈልግ። እኔ ሸማኔውን ለአሥራ አንድ ዓመት ለማንም ሳልናገር ይዤው ኖሬያለሁ፤ አንተ ገና በሰባት ወርህ መጻፍህ ከእኔ የተሻልክ ሰው ያደርግሃል። እንቅልፉ እንዲህ ሆኖ ሳምንታት ከዘለቀ ደግሞ ራስህ ታከም፤ ባለሙያ ነኝ ብለህ አትፈር።

አሁን ሰኞን ሳትጠብቅ ወደ እናትየው ቤት ሂድ። «የበሽታውን ስም መናገር የእኔ ድርሻ አልነበረም፤ ተሳስቻለሁ» በላቸው። ቡና ካፈሉ በረካውን ሳትጠጣ አትነሳ፤ ዋናው ወሬ የሚመጣው ያኔ ነው። ልጁ ተመልሶ መጠጣት ጀምሮ እንደሆነ ቀስ ብለህ ጠይቅ። ጀምሮ ከሆነ አትቆጣው። ጤና ጣቢያ ሳይታይ በራሱ ጊዜ በድንገት እንዳያቆም ግን ለእሳቸውም ለአጎትየውም ንገራቸው።