ሰሚ አለ፣ ከፋይ የለም

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ። የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ ነው፤ ቀን ኡበር እነዳለሁ፣ ማታ ማታ ክራር እጫወታለሁ። በራሴ ወጪ ስድስት ዘፈን ሠርቼ ዩቲዩብ ላይ ጫንኩ። ሰው ይሰማል፣ አስተያየቱም ደስ ይላል፣ ገንዘብ ግን የለም። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ሰሚ ማግኘቱ ነው ከባዱ። ዩቲዩቡን አትንካው፣ ማስታወቂያህ ይሁን። ሽያጩን ግን ባንድካምፕ ላይ ሞክረው፤ ሙዚቀኛ ሥራውን በቀጥታ ለአድማጭ የሚሸጥበት ድረ ገጽ ነው። ከዲጂታል ሽያጭ 15 በመቶ ይወስዳል፤ አልበምህን በ10 ዶላር ብትሸጥ 1 ዶላር ከ50 የእነሱ ነው፣ ገንዘቡን የሚያስተላልፈው ድርጅትም ትንሽ ይቆርጣል፣ የተረፈው ያንተ። ገዢ ከፈለገ ጨምሮ እንዲከፍል የሚፈቅደውን ምርጫ ክፍት አድርገው። የእኛ ሰው መሸለም ይወዳል፤ መድረክ ላይ ወጥቶ ግንባር ላይ ብር የሚለጥፍ ሕዝብ እኮ ነው! ከ2020 ጀምሮ ደግሞ ባንድካምፕ ፍራይዴይ በሚሏቸው የተመረጡ አርቦች ድርሻቸውን ይተዋሉ፤ አዲስ ሥራህን ለዚያ ቀን አቆየው።

አንድ ነገር ግን። ግጥሙን ማን ጻፈው? ዜማውስ? ማን አቀናበረው? ከመሸጥህ በፊት ድርሻቸውን በጽሑፍ ተስማሙ። ጓደኛዬ ነው ብለህ አትለፈው፣ ጠቡ የሚመጣው ገንዘቡ ሲመጣ ነው። አንድ ገጽ ይበቃል፤ ብቻ ሁላችሁም ፈርሙበት።