ሰርቨሩ በራሱ ጠፍቶ ሲነሣ ጥፋቱ የሙቀቱ ነው ወይስ የከርነሉ?

ጠያቂያችን «ድሬዳዋ ያለው የቢሮአችን የሊኑክስ ሰርቨር በየሦስት አራት ቀኑ በራሱ ጠፍቶ ይነሣል፤ ሎጉ (የክስተት መዝገቡ) ላይ ምንም አይገኝም፤ ሙቀቱ ይሆን?» ብለዋል። እዚያው ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር ውስጥ በሠራሁበት አንድ መሥሪያ ቤት ይኸው ችግር ገጥሞኝ ስለነበር ያየሁትን ልንገርዎ። እኛም መጀመሪያ የወቀስነው የግንቦትን ሙቀት ነበር፤ ማቀዝቀዣ ጨመርን፣ ዩፒኤስ ቀየርን፣ ሰርቨሩ ግን አመሉን አልተወም።

ከርነል፣ ማለትም ማሽኑን የሚያስተዳድረው የሊኑክስ እምብርት፣ በድንገት ሲወድቅ የመጨረሻ መልእክቱን ዲስክ ላይ ለመጻፍ ጊዜ ስለማያገኝ፣ የሎጉ ባዶ መሆን ከርነሉን ነፃ አያወጣውም። ስለዚህ አስቀድመው ኬደምፕን፣ ማለትም ከርነል ሲወድቅ ሜሞሪውን የሚያስቀርልዎትን መሣሪያ፣ ይጫኑ። ማሽኑ ሲነሣ ከሜሞሪው ጥቂቱ ለሁለተኛ ከርነል ተለይቶ ይቀመጣል፤ ዋናው ሲወድቅ ሁለተኛው በባዮሱ (በማሽኑ መነሻ ፕሮግራም) ሳያልፍ፣ ማለትም ሜሞሪው ሳይጠፋ፣ ይነሣና የወደቀውን ከርነል ሜሞሪ ወደ ፋይል ይገለብጣል፤ ይህ ፋይል ደምፕ ይባላል። ከጫኑ በኋላ ሠራተኛው ወደ ቤቱ ሲገባ በሲስርኪው (ለከርነሉ በቀጥታ በሚሰጥ) ትእዛዝ ከርነሉን ሆን ብለው ጥለው ይሞክሩት። እኛ በመጀመሪያው ሙከራ ለሁለተኛው ከርነል የመደብነው 128 ሜጋባይት ሜሞሪ አልበቃ ብሎ ሁለተኛው ከርነል ራሱ ወደቀ፤ በ256 ግን ሠራ። ሙከራው ከተሳካ በኋላ ማሽኑ ያለ ደምፕ ቢጠፋ፣ ያን ጊዜ ጥርጣሬው ወደ መብራቱና ወደ ሙቀቱ ቢያዘነብል ተገቢ ነው።

ደምፑ የሚነበበው ክራሽ በተባለው መሣሪያ ሲሆን፣ ከወደቀው ከርነል ጋር ቁጥሩ ፍጹም አንድ የሆነ የዲበግ ምልክት (የፈንክሽኖቹን ስምና አድራሻ የሚነግር መረጃ) ያለው ከርነል ያስፈልገዋል። መጀመሪያ «ሎግ»፣ ቀጥሎ «ቢቲ» የሚሉትን ትእዛዞች ይስጡት፤ ቢቲ ከርነሉ በየትኞቹ ፈንክሽኖች (የፕሮግራም ክፍሎች) አልፎ እንደወደቀ በቅደም ተከተል ያሳያል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ግን እዚህ ላይ ነው፤ ቢቲ የሚያሳየው የወደቀውን እንጂ የጣለውን አይደለም። በእኛ የመጀመሪያ ደምፕ ሲወድቅ የተገኘው የባክአፕ ፕሮግራሙ ስለነበር እሱን ከማሽኑ አወጣነው፤ በሁለተኛው ደምፕ ደግሞ ዳታቤዙ ነበር። በሁለት ደምፕ ሁለት የተለያዩ ሟቾች ከተገኙ፣ ሌላ ሦስተኛ ወገን ሜሞሪያቸውን እያበላሸ ነው ብሎ መጠርጠር ይገባል። ከርነሉን ስለብ ዲበግ በተባለው የሜሞሪ መመርመሪያ አማራጭ አስነሣነው፤ ማሽኑን ያንቀራፍፋል፣ ነገር ግን ከርነሉ ተጠቅሞ የለቀቀውን ሜሞሪ 6ቢ (6b) በሚል ባይት ይሞላል፣ ማን እንደለቀቀውም ይመዘግባል። ሦስተኛው ደምፕ ሲመጣ አንዱ ሬጅስተር (የፕሮሰሰሩ ትንሽ የቁጥር ማስቀመጫ) ከዳር እስከ ዳር 6ቢ6ቢ6ቢ6ቢ ሆኖ አየሁት፤ አንዱ የለቀቀውን ሜሞሪ ሌላው እየተጠቀመበት ነበር ማለት ነው። መዝገቡን ስናይ ለቃቂው አንድ ተቋራጭ ከውጭ አምጥቶ የጫነው የኔትወርክ ካርድ ድራይቨር (ካርዱን የሚያሠራ ፕሮግራም) ሆኖ ተገኘ። የሚያሳዝነው ፍንጩ ከመጀመሪያው ደምፕ ጀምሮ በደምፑ ሎግ ውስጥ መኖሩ ነው፤ ከርነሉ «ቴይንትድ» ብሎ ከጎኑ «ኦ» የምትል ፊደል አስቀምጦ ነበር፤ ትርጉሟም ከከርነሉ ምንጭ ውጭ የተሠራ ሞጁል፣ እንደ ድራይቨሩ ያለ ተጨማሪ ክፍል፣ ተጭኗል ማለት ነው። ድራይቨሩን አውጥተን ከርነሉ ይዞት የመጣውን ስንተካ መውደቁ ቆመ።

እርስዎም ደምፑን ሲያገኙ የሎጉን መጨረሻና የቢቲውን ውጤት እዚህ ይለጥፉልን። ፋይሉን በሙሉ ግን ለማንም አይላኩ፤ የይለፍ ቃላትና የደንበኞች መረጃ ሊገኙበት ይችላሉ።