በመጠቁም ውስጥ ተከታታይ ገጾች እንዴት ይጻፋሉ? ጥያቄና መልስ

አዳማ ውስጥ በመጻሕፍት አርትዖት ስለምሠራ፣ ከመጽሐፍ መጨረሻ ስለሚገባው መጠቁም፣ ቃላት ከሚገኙበት ገጽ ቁጥር ጋር ስለሚዘረዘሩበትና ብዙዎች ኢንዴክስ ስለሚሉት፣ ደጋግሜ እጠየቃለሁ። የደረሱኝን ጥያቄዎች ከዚህ በታች እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ «አዋሽ ወንዝ 87፣ 88፣ 89» እና «አዋሽ ወንዝ 87–89» ልዩነት አላቸው?

መልስ፦ አላቸው፤ ዋናው ጉዳይም ይኸው ነው። በጭረት የተያያዘው ስለ ወንዙ የተጻፈው ሐተታ ከገጽ 87 እስከ 89 ሳይቋረጥ መዝለቁን ሲያመለክት፣ በነጠላ ሰረዝ የተለያየው ግን ስሙ በየገጹ ለየብቻ መነሣቱን ብቻ ይናገራል። ስለዚህ ኮምፒውተሩ ፈልጎ ያወጣውን ቁጥር ሁሉ፣ ገጾቹን ሳያነቡ በጭረት ማያያዝ አንባቢን ማሳሳት ነው።

ጥያቄ፦ ሁለተኛውን ቁጥር ማሳጠር ይቻላል?

መልስ፦ ይቻላል፣ ሆኖም ደንቡ አንድ አይደለም። አሳታሚዎች ከሚከተሏቸው የእንግሊዝኛ አጻጻፍ መመሪያዎች መካከል በቺካጎ 321–28 የሚባለው በኦክስፎርድ 321–8 ይሆናል፤ ኦክስፎርድም ቢሆን ከ10 እስከ 19 ላሉት ሁለቱንም አኃዝ ስለሚጠብቅ 114–18 ይላል እንጂ 114–8 አይልም። እኔ ሙሉውን፣ 321–328 ብሎ መጻፍን እመርጣለሁ፤ የሚተርፈው ቦታ ከቁም ነገር አይገባም።

ጥያቄ፦ በግእዝ አኃዝ ከሆነስ?

መልስ፦ ፈጽሞ አያሳጥሩ። የግእዝ አኃዝ ዜሮ ስለሌለው፣ ፻፳–፰ ተብሎ ቢጻፍ አንባቢው ፻፰ ይበል ፻፳፰ ይቸገራል። ፻፳–፻፳፰ ይበሉ።

ጥያቄ፦ የትኛው ጭረት ነው ትክክሉ?

መልስ፦ ሁለት ቃላትን ከሚያያይዘው አጭር ጭረት ረዘም የሚለው፣ በግራና በቀኙ ክፍት ቦታ ሳይኖር።

ጥያቄ፦ እኔ ሐዋሳ ነኝ፣ መጽሐፌም ገና በእርማት ላይ ነው። መጠቁሙን አሁን ልጀምር?

መልስ፦ ቃላቱን ይምረጡ፣ የገጹን ቁጥር ግን ገጾቹ እስኪጸኑ ያቆዩት። በዎርድ፣ በኮምፒውተሩ የጽሑፍ ፕሮግራም፣ የሚሠሩ ከሆነ ሐተታውን ከመነሻው እስከ መድረሻው ቡክማርክ በሚባለው ምልክት ይዘው ከመጠቁሙ ቃል ጋር ቢያያይዙት፣ መጠቁሙን ሲያድሱ ቁጥሩ ራሱ ይስተካከላል። እኔ አንድ ጊዜ በእጄ ጽፌ ከጨረስኩ በኋላ ከገጽ 64 ቀጥሎ ሁለት የፎቶግራፍ ገጾች ገቡ። ከ64 በላይ ባለው ቁጥር ላይ ሁሉ ሁለት መደመር ቀላል ነበር፤ ያስቸገሩኝ እንደ 58–66 ያሉት፣ መነሻቸው ሳይነካ መድረሻቸው ብቻ 68 የሆነው ናቸው፤ እነዚህን አንድ በአንድ ስለቅም ሌሊቱ ነጋ።