ጠበሉንም ክኒኑንም

እህቴ፣ «ወንድሜ ባይፖላር ነው ተባለ፤ አሁን ተሽሎኛል ብሎ ክኒኑን ትቶ ጠበል ልግባ ይላል፣ ምን ላድርግ?» ላልሽው፦ እኔም ከዚሁ ስሜትን ከልክ በላይ ከፍና ዝቅ ከሚያደርግ የአእምሮ ሕመም ጋር ነው የምኖረው። ደህና ነኝ ብዬ ያቆምኩ ጊዜ ሦስት ሌሊት እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። ያጠራቀምኳትን ብር በትኜ ጨረስኩ። ከዚያ ለወራት ከአልጋ መነሣት አቃተኝ።

ጠበሉን አትከልክይው፤ እኔም እጠመቃለሁ። ግን ክኒኑን አያቋርጥ። በተለይ የሚወስደው ሊቲየም የሚባለው ስሜት የሚያረጋጋ መድኃኒት ከሆነ ተጠንቀቁ። መጠኑ በየጊዜው በደም ምርመራ መታየት አለበት። ውኃ ሳይጠጡ መዋል፣ ትውከትና ተቅማጥ ሊቲየሙን በደም ውስጥ ያከማቸዋል፤ ያኔ መርዝ ይሆናል። ስለዚህ ጾሙንም ጠበሉንም ለሐኪሙ ይንገረው።

አዲስ አበባ ካላችሁ አማኑኤል የአእምሮ ሕክምና ሆስፒታል አለ። እንቅልፉ ሲቀንስና ወሬው ሲፈጥን ቶሎ ውሰጂው። «መሞት ይሻለኛል» ካለ ግን ብቻውን አትተዪው፤ ሳይውል ሳያድር ድንገተኛ ክፍል አድርሽው።