የአርክቲክ መሬት ሲቀልጥ፦ ስለ ፐርማፍሮስት ለጠየቃችሁኝ

ጥያቄዎቻችሁ ብዙ ናቸው፤ የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌአቸዋለሁ። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ መምህር፣ ፐርማፍሮስት የሚባለው የአርክቲክ በረዶ ነው? ቀልጦ ባሕሩን ሊሞላው ነው?

አይደለም። ፐርማፍሮስት መሬት ነው፤ አፈር፣ አሸዋ፣ ድንጋይ። ቢያንስ 2 ዓመት ሙሉ ከዜሮ ዲግሪ ሳያልፍ የቆየ መሬት ፐርማፍሮስት ይባላል። አብዛኛው ግን በሺህ የሚቆጠሩ ዓመታት ዕድሜ አለው። ሳይቤሪያ ውስጥ 1,500 ሜትር ድረስ የሚጠልቅበት ቦታ አለ። ባሕር ከፍ የሚያደርገው በዋናነት የግሪንላንድና የአንታርክቲካ ግግር፣ የተራሮች በረዶና የራሱ የባሕሩ መሞቅ ነው።

ጥያቄ፦ ታዲያ መሬት ቢቀልጥ የአየር ንብረቱን ምን ያደርገዋል?

እዚህ ላይ ሰፋ ላድርገው። ችግሩ በመሬቱ ውስጥ የተቀበረው ነገር ነው። ሣር፣ ሥር፣ ቅጠል፣ የእንስሳት ቅሪት ሳይበሰብስ ብርዱ ይዞት ኖሯል። በሰሜኑ የፐርማፍሮስት ምድር ወደ 1,500 ቢሊዮን ቶን ካርቦን አለ ተብሎ ይገመታል። አሁን አየር ላይ ካለው እጥፍ ገደማ ነው።

ብርዱ ሲለቅ ረቂቅ ተሕዋስያን ይህን መብላት ይጀምራሉ። ሊጥ ሲቦካ አረፋ እንደሚያወጣው እዚያም ጋዝ ይወጣል። አፈሩ አየር የሚያገኝ ከሆነ የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። ውሃ ካቆረበት ደግሞ ኦክስጅን ስለሌለ ሜቴን ይወጣል። ሜቴን አየር ላይ የሚቆየው 12 ዓመት ገደማ ነው። ግን በ20 ዓመት ሲሰላ ሙቀት የመያዝ ኃይሉ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ 80 እጥፍ ይበልጣል።

መሬቱ ውስጥ ብዙ በረዶ ካለ ነገሩ ይፋጠናል። በረዶው ሲቀልጥ መሬቱ ይሰምጣል፤ ጉድጓዱ ሐይቅ ይሆናል፤ ሐይቁ ደግሞ ሥሩ ያለውን መሬት ያሞቀዋል። በአላስካና በሳይቤሪያ ሐይቆች ላይ ብርዱ ሲገባ፣ የሜቴን አረፋ ከበረዶው ሥር ታስሮ ይታያል። ተመራማሪዎች በረዶውን በስተው እሳት ሲያስጠጉት ቦግ ይላል። በሳይቤሪያዋ ያኩቲያ ግዛት ውስጥ ባታጋይ የሚባል ቦታ ደግሞ 1 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝም ገደል ተፈጥሯል። የጀመረው በ1960ዎቹ ጫካው ከተመነጠረ በኋላ ነው። ዛሬም እየተናደ ይሰፋል።

ጥያቄ፦ «የሜቴን ቦምብ» ሊፈነዳ ነው የሚል ቪዲዮ አይቼ እንቅልፍ አጣሁ። እውነት ነው?

እህቴ፣ ተረጋጊ። ሁሉም ባንዴ ፈንድቶ ይወጣል የሚለውን የሚደግፍ ማስረጃ የለም። ጋዙ የሚወጣው በአሥርና በመቶ ዓመታት ነው። የተባበሩት መንግሥታት የአየር ንብረት ሳይንስ ቡድን አይፒሲሲ በ2021 እንደገመተው፣ ዓለም 1 ዲግሪ በሞቀች ቁጥር እስከ 2100 ድረስ 18 ቢሊዮን ቶን ያህል ካርቦን በካርቦን ዳይኦክሳይድ መልክ ይወጣል። ግምቱ ከ3 እስከ 41 ይዘረጋል። የሰው ልጅ ከነዳጅና ከድንጋይ ከሰል በየዓመቱ የሚለቀው ካርቦን 10 ቢሊዮን ቶን ገደማ ነው።

«ታዲያ ምን አላት!» እንዳትሉ ግን። ስሌቱ እንደ ባታጋይ ድንገት የሚናደውን መሬት በወጉ አያካትትም። ደግሞም እኛ ከምንለቀው ላይ የሚደመር ነው። ፋብሪካ ቢሆን ይዘጋል፤ ይህን የሚዘጋው የለም። እኔን የሚያሳስበኝ ይሄ ነው።

ጥያቄ፦ ጥንታዊ በሽታስ አይነሳም?

በ2016 በሰሜን ሩሲያ ያማል በሚባል አካባቢ ከባድ ሙቀት መጣና አባ ሰንጋ ተነሳ። ከ2,000 በላይ የሰሜን አጋዘኖች አለቁ፤ አንድ የ12 ዓመት ልጅም ሞተ። ምንጩ ከቀለጠው መሬት የወጣ የባክቴሪያው ዘር ነው ተብሎ ይታመናል። የአጋዘኖቹ ክትባት በ2007 ተቋርጦ ነበር፤ ለእኔ ትልቁ ጥፋት እሱ ነው። ከፐርማፍሮስት ወጥቶ ከ30,000 ዓመት በኋላ ነፍስ ዘራ የተባለው ቫይረስ ደግሞ የሚያጠቃው አሜባን፣ ማለትም ባለ አንድ ሕዋስ ረቂቅ ፍጥረትን እንጂ ሰውን አይደለም።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ይቅርታና እኛ ኢትዮጵያውያን ምን አገባን?

ጋዙ እዚያው አይቀርም፤ ከዓለም አየር ጋር ይቀላቀላል። ሌላም አለ። አዲስ አበባ ያለው ዓለም አቀፍ የእንስሳት ምርምር ተቋም የመኖ ዘሮቹን ቅጂ በአርክቲክ ባሉት የኖርዌይ ደሴቶች፣ በስቫልባርድ የዘር ማከማቻ አስቀምጧል። ማከማቻው በ2008 ሲከፈት የተመካው በፐርማፍሮስቱ ብርድ ላይ ጭምር ነው። በ2016 ግን ውሃ ወደ መግቢያው ዋሻ ገባ። ደግነቱ ዘሮቹን አልነካም፤ ዋሻው በኋላ እንደገና ተሠርቷል።

ጥያቄ፦ መልሶ ማቀዝቀዝ አይቻልም?

በትንሽ ቦታ ይቻላል። የአላስካው ትልቁ የነዳጅ ቧንቧ ምሰሶዎች ላይ ሙቀትን ከመሬት እየሳቡ ወደ አየር የሚያወጡ ቱቦዎች ተተክለዋል። ግን ከሩሲያ መሬት ከግማሽ የሚበልጠው ፐርማፍሮስት ነው፤ ያንን ሁሉ በቱቦ አንችለውም። ቀሪው መንገድ ልቀት መቀነስ ነው። የዓለም ሙቀት 2 ዲግሪ ሳይደርስ 1.5 ላይ ቢገታ፣ ከ1.5 እስከ 2.5 ሚሊዮን ስኩዌር ኪሎ ሜትር ፐርማፍሮስት ከመቅለጥ ይተርፋል ተብሎ ተገምቷል። የኢትዮጵያ ስፋት 1.1 ሚሊዮን ገደማ ነው።