መልስ፦ «ሾፌሩን ጠይቁ» ለሚለው ባለመኪና

ወንድሜ፣ እግዚአብሔር ለታናሽህ ምሕረቱን ያውርድለት። በዜብራ ሲሻገር በዕቃ ማከፋፈያ መኪና መገጨቱን፣ ሾፌሩ ገና ጀማሪ እንደሆነና ባለመኪናው «እኔ አልነዳሁም፣ ሾፌሩን ጠይቁ» እንዳለህ አነበብኩ። ይሄ አያዋጣውም። በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2081 ባለቤቱን ተጠያቂ ያደርጋል፤ የነዳው ሰው እንዲነዳ ያልተፈቀደለት ቢሆን እንኳ። መኪናው ተሰርቆ ከነበረ ሌላ ጉዳይ ነው። ባለቤቱ የሚጠየቀው የሾፌሩ ጥፋት ባይረጋገጥም ነውና ሾፌሩ በቅጡ አለመሠልጠኑን ለማስረዳት አትድከም። ሁለት መኪና ተጋጭቶ ቢሆን ኖሮ ግን የሾፌሩ ጥፋት ትልቅ ክርክር ይሆን ነበር። ባለቤቱ «ጥፋቱ የልጁ ነው» ሊል ስለሚችል ዜብራውን ያዩ ምስክሮችን ዛሬውኑ ያዝ።

የትራፊክ ፖሊስ ፕላን (የአደጋውን ቦታ ንድፍ)፣ የሐኪም ማስረጃና እያንዳንዱን የመድኃኒት ደረሰኝ አስቀምጥ። ሊብሬው በማን ስም እንደሆነና የሦስተኛ ወገን ኢንሹራንሱ የየትኛው ድርጅት እንደሆነ አጣራ።

የካሳ ክስ በመደበኛው በ2 ዓመት ይርጋ (የክስ ማቅረቢያ የጊዜ ገደብ) ይታገዳል። አጎቴ የተገጩ ጊዜ ባለመኪናው ብርቱካን ይዞ እየመጣ «በሽማግሌ እንጨርሳለን» ሲለን ከረመ፤ ፋይል ስንከፍት የቀረን 3 ሳምንት ብቻ ነበር። እባክህ፣ ሽምግልናው ይቀጥል፣ አንተ ግን ጠበቃ ዘንድ ሂድ።