አመድ በግጦሽ ላይ

ጥያቄ፦ ህዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም. የሃይሊ ጉቢ እሳተ ገሞራ ሲፈነዳ አፍዴራ ያለው ግጦሻችን አመድ ለበሰ። ፍየሎቼን ላሰማራበት? እርስዎ ቢሆኑ ምን ያደርጋሉ?

መልስ፦ በፍጹም አላሰማራም፣ ወንድሜ! ይህ የምድጃ አመድ አይደለም፤ ከ2 ሚሊሜትር ያነሰ የደቀቀ ድንጋይና መስታወት ነው። ጥርስ ይሞርዳል፣ ሆድ ያውካል። እኔን ይበልጥ የሚያስፈራኝ ግን በዓይን የማይታየው ነው፦ ከእሳተ ገሞራው ጋዝ የሚመጣ ፍሎራይድ፣ ሲበዛ ከብት የሚመርዝ ንጥረ ነገር፣ በቅንጣቶቹ ላይ ሊጣበቅ ይችላል። አመዱን በንጹሕ ውኃ ዘፍዝፈን ውኃውን የምንመረምረው ለዚህ ነው። ዝናብ ያልነካው ናሙና ለእኛ ወርቅ ነው፤ ዝናብ ፍሎራይዱን አጥቦ ይወስደዋልና። ካገኙ በንጹሕ ላስቲክ ቋጥረው ያስቀምጡልኝ። እስከዚያው ለፍየሎቹ አመድ ያልነካው ድርቆሽ ይስጧቸው፣ የውኃ ገንዳውንም ይክደኑ። ግቢ ሲጠርጉ መጀመሪያ ውኃ ያርከፍክፉ፤ አፍና አፍንጫዎንም ይሸፍኑ።